ሳላል ከውሃ ያወጣችው ሰው

ከሙዚየሙ የደወለችልኝ ዶና ነበረች። የጠረፍ ጠባቂዋ መርከብ ሳላል በሚቀጥለው ወር ከአገልግሎት ትሰናበታለች፤ በዕለቱ ከከተማው አንድ ሰው ጥቂት ቃል እንዲናገር ተፈልጓል፤ አባትሽ የሠራባት መርከብ ስለሆነች አንቺ ብትሆኚ ደስ ይለናል አለችኝ። እሺ አልኩ። እንዲረዳኝ ብላ የመርከቧን የአገልግሎት ታሪክ በአንድ ገጽ ላከችልኝ። በዓለም ጦርነቱ ዘመን ዱሉዝ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ተሠራች። አላስካ ሄዳ በረዶ ሰበረች፤ በፓስፊክ ደሴቶች ለወታደሮች ጭነት አመላለሰች። ከዚያ ወደ እኛ፣ ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ አፍ መጥታ፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩትን ተንሳፋፊ ምልክቶች ስትተክልና ስታነሳ አረጀች። መሀል ላይ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ «በግንቦት 1961፣ ጀልባው በጭጋግ የተሰበረበትን አንድ ዓሣ አጥማጅ ከነሕይወቱ አወጣች።»

ዓሣ አጥማጁ የእናቴ ወንድም ሬይኖ ነው። መስመሯ ውሸት የለባትም። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የቀረውን፣ ገጹ ላይ የሌለውን፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በጆሮዬም ሰምቼዋለሁ። የገባኝ ግን ሌላ ነገር ነበር።

ሳላል ከሥራ ስትመለስ ከዓይን ቀድሞ አፍንጫ ነበር የሚያውቃት። ከወንዙ አፍ ያነሳቻቸው ምልክቶች፣ እያንዳንዳቸው ከቤታችን በር የሚበልጡ የብረት በርሜሎች፣ የፊት መድረኳ ላይ ተጋድመው ይመጣሉ፤ ሰውነታቸውን የሸፈነው ቀንድ አውጣና የባሕር ሣር ፀሐይ ሲመታው ኮረብታው ድረስ ይሸታል። የከተማው ሰው አፍንጫውን ይይዝ ነበር። እኔ ግን አባቴ መጣ ማለት ስለነበር እየሮጥኩ እወርዳለሁ። ጥቁሩ ሆዷ ከወደቡ እንጨት ጋር ሲታከክ ያቃስታል። መርከበኞቹ ከላይ ሆነው ይቀልዱብኝ ነበር።

«አይላ፣ አባትሽን እንመልስልሽ ወይስ እዚሁ ይሁን? ቂቤ ይጨርስብናል እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም።»

«መልሱት» እላቸዋለሁ።

«እንግዲያው ቂቤውን ተኪልን።»

አባቴ ኡርሆ ኬቶላ የመርከቧ ለኪ ነበር። ምልክት ሲተከል መርከቧ ትክክል የት እንደቆመች መታወቅ አለበት፤ ውሃ ላይ ደግሞ ምንም የተጻፈ ነገር የለም። ስለዚህ አባቴ የነሐስ መለኪያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ የብስ ላይ የሚታዩ፣ ካርታውም ላይ ያሉ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ የዓሣ ፋብሪካውን ጭስ ማውጫ፣ የኮረብታውን የውሃ ታንከር፣ የእኛን ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ። በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ለክቶ ካርታው ላይ ያሰምራል። መስመሮቹ የተገናኙበት ቦታ መርከቧ ያለችበት ነው። እሱ እጁን ሲያወርድ ከታች ያሉት ሰዎች ምልክቱን ከታች የሚይዘውን የሲሚንቶ ክብደት ይለቁታል፤ ሰንሰለቱም እየተንኳኳ ይከተለዋል። ቤት ውስጥ እንኳ እራት ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጨውና በስኳር ዕቃ መካከል ይለካ ነበር። እናቴ ሄልሚ «ብላ፤ ገበታው የትም አይሄድም» ትለዋለች።

ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ቤተ ክርስቲያናችን ማማውን አዛውሮ ነበር። የእኛ ኮረብታ አፈር ዝናብ ሲበዛበት ይንሸራተታል፤ በመንገዱ በኩል ያለው መሬት ሲሰነጠቅ ማማው መዝመም ጀመረ። ሰዎቹ ሁሉ ከፊንላንድ የመጡ ወይም ከዚያ ከመጡ የተወለዱ፣ ጀልባቸውን በእጃቸው የሚሠሩ ነበሩ፤ ሌላ አናጢ አልጠሩም። ማማውን እንጨት በእንጨት ፈተው በሌላው ጫፍ፣ በወንዙ በኩል ባለው ድንጋያማ መሬት ላይ መልሰው ገጠሙት። ያው ቁመት፣ ያው መስኮት፣ ያው የመዳብ ቆብ። ቆቡን የገጠመው አባቴ ነበር፤ ከፍታ የማይፈራው እሱ ብቻ ነበርና። ሴቶቹ ከታች በትልቅ ድስት የሳልሞን ሾርባ ያፈላሉ። ሬይኖ ሳህኑን ይዞ መሰላሉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ይጮኻል።

«ኡርሆ፣ እዚያ ሆነህ መርከብህን ነው የምታየው ወይስ ሄልሚን?»

«መርከቤ አትጣራም። የምትጣራው ሄልሚ ናት።»

«እንግዲያው ቶሎ ውረድ። ሾርባው እያለቀ ነው።»

«የኔን ድርሻ ነክተህ ነው?»

«ቀምሼልህ ነው። መርዝ ቢኖርበትስ ብዬ።»

ሬይኖ እንዲህ ነበር። ሚስት የለውም፤ ያለው አንዲት ጀልባና መረብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሯችን ያለው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናው፣ ሲሞቅ ይመጣል፤ ከአባቴ ጋር በእንፋሎት ተቀቅለው ይወጡና ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከጀርባቸው ጢስ እየወጣ እናቴ የጋገረችውን ሄል የገባበት ዳቦ ይበላሉ። ቀድሞ ይጠጣ ነበር። እኔ ሲጠጣ አላየሁትም፤ ሰዎች ግን ከተወው በኋላም ሲያልፍ አፉን ያሸቱት ነበር።

በክረምቱ ማዕበል ከአሸዋው ጫፍ ያለው ምልክት ተጎትቶ ጠፋ። የዓሣው ወቅት ከመከፈቱ በፊት ሳላል ወጥታ አዲስ ተከለች። አባቴ ያን ዕለት ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለነበር ማማው እንደ ሻማ ይታይ ነበር አለ።

ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ ከተማው በጭጋግ ተዋጠ። የሳላል ጡሩምባ ከወንዙ አፍ በኩል እየቀረበ ሲጮህ እሰማ ነበር። ትምህርት ቤት ልሄድ ስል በራችን ተከፈተና አባቴ ሬይኖን ደግፎ ገባ። ሬይኖ በግራጫ የመርከብ ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ነው፤ ከፀጉሩ አሸዋ ይረግፋል። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።

«ጀልባዋስ?» አለች ቆይታ።

«የለችም» አለ አባቴ። «እሱን የመረቡ ተንሳፋፊ ቡሾች ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘነው።»

የአባቴ መርከብ አጎቴን አወጣች! ደስታው ከአቅሜ በላይ ሆነ። የማንንም ፊት አላየሁም። ዛሬ ግን ያኔ የሰማሁትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ።

«ምልክቱ ቦታው ላይ አልነበረም» አለ ሬይኖ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።

«እኔ ራሴ ነኝ የተከልኩት፤ ሬይኖ።»

«አንተ እንደተከልከው አውቃለሁ። በቀኜ አድርጌው ነው ያለፍኩት፤ ሁልጊዜ እንደማልፈው። ከምልክቱ ውጭ ጥልቅ ነው፤ ይቺ ልጅ እንኳ ታውቀዋለች። ድንገት ጀልባዋ ተቀመጠች። እንደምትታቀፍ ዶሮ ተቀመጠች እልሃለሁ። ከዚያ ማዕበሉ መጣ።»

«ጭጋግ ነበር።»

«ጭጋግ ነበር። ምልክቱ ግን እጄን ብዘረጋ የምነካው ያህል ቅርብ ነበር።»

«ምን ያህል እንቅልፍ ተኝተህ ነበር የወጣኸው?»

ሬይኖ አባቴን ቀና ብሎ አየው። «አንተም?» አለው።

እናቴ ጽዋውን እጁ ውስጥ አስገብታ «ጠጣ» አለችው።

ወንዛችን ላይ ማንም እንደፈለገ መረብ አይጥልም። ከታች የሰመጠ ግንድ ሞልቶበታል፤ ስለዚህ አጥማጆቹ በቡድን በቡድን ሆነው በየዓመቱ ጠላቂ ቀጥረው አንድ አንድ መስመር ያጸዳሉ። መስመሩን ያጸዱት ሰዎች ናቸው የሚያጠምዱበት፤ ሌላ ሰው ቢገባ መረቡን ይቆርጡበታል። በየትም አልተጻፈም፤ ግን ከተጻፈው ይበልጥ ይከበራል። መስመሩ ላይ የተኛ ሰው ጀልባው ተነድቶ የሌሎቹን መረብ ይበላል፤ ስለዚህ የተኛ ይወጣል። የሬይኖ መረብም የሁለት ሰው መረብ ይዞ ነበር አሸዋው ላይ የቀረው። ከመስመር የወጣን ሰው ደግሞ ሌላ መስመር አይቀበለውም፤ ጀልባም የሚያበድረው የለም። ሽማግሌው ኦስካሪ፣ የመስመሩ አለቃ፣ ለቀጣዩ ሳምንት ቅዳሜ መረብ ቤት ስብሰባ ጠሩ።

ስብሰባው ሳይደርስ ከተማው ፈርዶ ጨርሷል። ትምህርት ቤት የኦስካሪ የልጅ ልጅ ከኋላዬ ተቀምጦ ያንኮራፋ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ጀልባ እየነዳሁ።»

በመማሪያ መጽሐፌ ጆሮውን መታሁት። ቤት ስመለስ ለአባቴ ነገርኩት፤ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሰሌዳ የሚያነብ ይመስል ግድግዳውን እያየ «አንኮራፋ?» ብቻ አለ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ደጅ ቆመው ሲያወሩ አባቴን አጣሁት። ፈልጌ ሳገኘው በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በመንገዱ በኩል፣ የድሮው ማማ የነበረበት የሲሚንቶ መሠረት ላይ ቆሟል። ሣር በቅሎበታል። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ወደ ወንዙ ያያል፤ ከዚያ ዞሮ በጣሪያው ላይ አሻግሮ አዲሱን ማማ ያያል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ወንዙ። አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ለእናቴ ብሎ እንጂ ጸሎት የሚወድ ሰው አልነበረም። ለሬይኖ እየጸለየ ነው ብዬ አሰብኩና እንዳልረብሸው በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ተመለስኩ።

አልጸለየም። በዚያች ደቂቃ ነው የገባው። ካርታው ላይ ያለው ማማ እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ባለፈው ወር ከመርከቧ ላይ በመለኪያው የያዘው ማማ ግን በሌላው ጫፍ ያለው፣ ቆቡን በገዛ እጁ የገጠመለት ነበር። ለዓመታት ሲይዘው የኖረው ማማ ስለሆነ፣ ቅርጹም ስላልተለወጠ፣ እጁ በልማድ ወደ እሱ ሄደ። ማማው የተዛወረው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ርዝመት ነው፤ ወንዙ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ስህተቱ ሰፍቶ ምልክቱን ከጥልቁ ውሃ ወደ አሸዋው ገፋው። ማማ የሚያዛውር ሰው ካርታ ለሚሠሩት ማሳወቅ እንዳለበት ከምእመናኑ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እሱም መዶሻ ይዞ ማማው ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መለኪያውን ይዞ ወጣ፤ ተከተልኩት። የጎረቤት ጀልባ ተውሶ ወደ ምልክቱ ቀዘፈ። እኔ ኮረብታው ላይ ቀርቼ እያየሁት ቆየሁ። ምልክቱን ዞረው፤ ገመድ ያለው እርሳስ ወደ ውሃው ጣለና ጥልቀት ለካ፤ ደግሞ ጣለ። መለኪያውን ዓይኑ ላይ አደረገ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባዬ፣ ምን ለካህ?»

«ውሃ» አለኝ።

ያኔ ነው የጠረጠርኩት። ሬይኖ ምልክቱ ቦታው ላይ አልነበረም ብሏል፤ አባቴ ደግሞ ትክክል ተክያለሁ ብሏል። ስለዚህ አባቴ የሄደው ትክክል መሆኑን ሊያረጋግጥ ነው፤ ያ ማለት ሬይኖ ተኝቶ ነበር ማለት ነው፤ ያን ደግሞ ስብሰባው ላይ ሊናገር ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሒሳብ ነበር፤ ግን ስደምረው ስደምረው ልክ መጣልኝ።

ማምሻውን እናቴና አባቴ ወጥ ቤት ተቀምጠው በፊንላንድኛ ተነጋገሩ። እኛ ልጆች የምንናገረው እንግሊዝኛ ነበር፤ ፊንላንድኛ ትልልቆቹ እንዳንሰማ ሲፈልጉ የሚገቡበት ክፍል ነበር። በሩ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ክፍት ነው፤ አንዳንድ ቃል ያመልጣል። ሬይኖ የሚለውን ሰማሁ። ጡረታ የሚለውን ሰማሁ። «መናገር አለብኝ» የሚለውን ሰማሁ፤ አባቴ ደጋግሞታል። እናቴ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አትናገር» አለችው። «ኡርሆ፣ አትናገር።» እናቴ ስትለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወንድሜን ተውልኝ እያለችው ነው ብዬ ተኛሁ። በዚያች ሌሊት አባቴን ጠላሁት፤ እናቴን ደግሞ ከዚያ በፊት ወድጃት በማላውቀው መጠን ወደድኳት።

ዛሬ፣ ያኔ ካመለጡት ቃላትና ኋላ ከተነገረኝ ገጣጥሜ፣ ንግግራቸውን አውቀዋለሁ። እናቴ ስትከላከል የነበረው ወንድሟን አልነበረም። አባቴ ለጡረታ ሁለት ዓመት ነበር የቀረው። እሷ ያለችው ይህን መሆን አለበት፦ ምልክቱን በሚቀጥለው ሳምንት ወጥታችሁ አስተካክሉት፤ ማዕበል ጎተተው በሉ፤ ይህ በየዓመቱ የሚሆን ነገር ነው። የሞተ ሰው የለም። ሬይኖ ብቻውን ነው፤ ፋብሪካ ገብቶ ይሠራል፤ እኔ እመግበዋለሁ። አንተ ግን ልጅ አለህ። እብደት አልነበረም። ግማሹ የከተማው ሰው ቢጠየቅ ያንኑ ይመክር ነበር።

ሰኞ አባቴ ለመርከቧ አዛዥ ነገረው። ማክሰኞ ሳላል ወጣች፤ ምልክቱን ነቅላ በቦታው ተከለችው። ለእኔ የተለመደ ሥራ ነበር የመሰለኝ። አባቴ ከመርከቧ ሲወርድ የቀለደብኝ መርከበኛ አልነበረም። ሁሉም ሰንሰለቱን እያዩ ነበር።

ቅዳሜ መረብ ቤቱ ሞላ። መረብ ቤት ማለት ወንዙ ላይ በግንዶች የቆመ፣ ወለሉ ስንጥቅ ለስንጥቅ የሆነ ትልቅ የእንጨት አዳራሽ ነው፤ ከእግር በታች ውሃው ሲመታ ይሰማል። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት መረቦች እንደ ጭጋግ ይወርዳሉ፤ ሬንጅና ዓሣ ይሸታል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ በግድግዳው በኩል ቆመው ነበር። እኔ ከእናቴ ቀሚስ አጠገብ ነበርኩ። ሬይኖ ከፊት ብቻውን ተቀምጧል፤ የተቀባ ጫማ አድርጎ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው። እናቴ ወደዚያ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሄደችም።

ሽማግሌው ኦስካሪ ስለ ዓሣው ዋጋ፣ ስለ ጠላቂው ደመወዝ ተናገሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሬይኖ፣ የምትለው አለህ?»

«ያልኩትን ብያለሁ። አልተኛሁም።»

«መጠጥስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«አፌን መጥተህ አሽትት። ስታሸተው ኖረህ የለ» አለ ሬይኖ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

አባቴ ተነሣ። የመርከብ ልብሱን ለብሶ ነበር። የመስመሩ አባል ስላልሆነ ኦስካሪን ፈቃድ ጠየቀ፤ እሳቸውም በእጃቸው ተናገር አሉት። በፊንላንድኛ ነው የተናገረው፤ ቀስ ብሎ፣ አጭር አጭር አድርጎ። ማማ፣ አሸዋ፣ ሬይኖ፣ እኔ፤ የያዝኳቸው እነዚህን ብቻ ነው። የእናቴ ጣቶች ትከሻዬ ላይ ጠበቁ። አባቴ ሲጨርስ የአዳራሹ ሰው በሙሉ ዞሮ ሬይኖን አየው። ሬይኖ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ጀርባው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ጨረሰው አልኩ በልቤ። አባቴ አጎቴን ጨረሰው።

ኦስካሪ ተነሥተው ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ወደ ሬይኖ ሄደው እጁን ጨበጡት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ቀብር ላይ እንዲህ ሲደረግ አይቼ ነበር፤ ስለዚህ ማሰናበታቸው ነው አልኩ። አባቴ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። የጨበጠው ሰው አልነበረም፤ በሩን ግን አንድ ሰው ከፈተለት።

ኦስካሪ ያን ጊዜ ያሉትን ኋላ ነው የሰማሁት። «ማማውን ሁላችንም ነን ያዛወርነው» ነው ያሉት።

ደጅ ስንወጣ ሬይኖ እናቴን ፈልጎ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን ይስቅ ነበር። ሁለቱንም እጇን ያዘ። «አመሰግናለሁ» ይላታል፤ ይቺን በፊንላንድኛም አውቃታለሁ፤ ደጋግሞ «አመሰግናለሁ፣ ሄልሚ፣ አመሰግናለሁ» አላት። ስለለመነችለት ነው አልኩ፤ ባይሳካላትም ስለለመነችለት። እናቴ እጆቿን ሳትነጥቅ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገረችው። አጭር ነበር። ሬይኖ መሳቁን አላቆመም ነበር መጀመሪያ፤ ፊቱ ላይ የቀረ ሳቅ ነበር። ከዚያ እጆቿን ለቀቀ። እሱ በመንገዱ በታችኛው በኩል ሄደ፤ እኛ በላይኛው ሄድን። የዚያን ዕለት ሳውናው ሞቆ ነበር። የገባበት አባቴ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሬይኖ ወደ ቤታችን መምጣት አቆመ። በአባቴ የተነሣ ነው ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። መስመሩ ላይ ማጥመዱን ግን ቀጠለ፤ አዲስ ጀልባ ሲሠራ ሰዎች እንጨት ያመጡለት ነበር። ይቅር ብለውት ነው፤ ደግ ሰዎች ናቸው አልኩ። አባቴም ማዕረጉ ዝቅ ብሎ ከሳላል ወረደና ወደብ ላይ ባለው የምልክት ግቢ ተመደበ፤ ቀንድ አውጣ መፋቅ፣ ዝገት ማንሣት፣ ቀይና ጥቁር መቀባት። እኔ የማውቀው ግን በየቀኑ እራት ላይ መኖሩን ነው። ሳላል ያለ እሱ ስትወጣ ከእኔ ጋር ኮረብታው ላይ ቆሞ ያያታል፤ እጁን ይዤ የልጅነቴን ምርጥ ዓመት አሳለፍኩ። ቂሜን እንኳ ረሳሁት ማለት ይቻላል።

ቂሙ የተመለሰው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። በአንድ ተራ ነገር ተጣልተን ግቢው ድረስ ሄጄ «አንተ እኮ የገዛ አማችህን በሰው ፊት ያዋረድክ ሰው ነህ» አልኩት። የቀለም ብሩሹን ይዞ ቆመ።

«ማንን?»

«ሬይኖን። መረብ ቤት። ተኝቶ ነበር ብለህ።»

 ከዚያ ብሩሹን ጣሳው ላይ አስቀመጠና ቀለም ያልነካው በርሜል ላይ አስቀመጠኝ። ማማውን፣ ካርታውን፣ አሸዋውን በእንግሊዝኛ፣ ዛሬ የጻፍኩትን ያህል ነገረኝ። ስለ ወጥ ቤቱ ንግግር ግን አንዲት ቃል አልነገረኝም።

«ታዲያ ሬይኖ ለምንድነው የማይመጣው? ይቅር ስላላለህ?»

«ሬይኖማ ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ይመጣል። እዚያ የተቀመጥሽበት ላይ ነው የሚቀመጠው» አለኝ። «በይ ተነሺ፤ ልቀባው ነው።»

አባቴ ሲሞት ሬይኖ በጓሮ በር መጣ። አንድ ትልቅ ሳልሞን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። እናቴ በሩን ከፈተች፤ ዓሣውን ተቀበለችውና መንገድ ለቀቀችለት። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር፤ አብረው ይቀመጣሉ፤ ስለ አየር፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ሬይኖ ሊሞት ዓመት ሲቀረው ጀልባው ላይ ቀለም እያቀበልኩት፣ ለምን ያን ሁሉ ዓመት እንደቀረ ጠየቅሁት። መደበቅ አልፈለገም። «ያናገረችው እሷ መስላኝ ነበር፤ ለካስ ዝም በል ብላው ኖሯል» አለኝ። «ራሷ ነገረችኝ፤ መረብ ቤቱ ደጃፍ ላይ።» ቀጥሎ የተናገረው ስለ ቀለሙ ነው፤ በጣም ቀጥኗል አለ።

ትናንት የዶናን ገጽ ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰባ አምስት ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፤ እጇ ግን አሁንም ሥራ አይፈታም። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። አነበብኩላት። ዱሉዝን፣ አላስካን፣ ደሴቶቹን አሳለፈች። መስመሯ ላይ ስደርስ እጇ ቆመ።

«አወጣች ብቻ ነው የሚለው?»

«ብቻ።»

«ደህና ነው። መርከብ ሌላ ምን ታደርጋለች።» ወደ ባቄላው ተመለሰች። «የቀረውን ልትነግሪያቸው ነው?»

«ካልወደድሽ አልናገርም።»

«የአባትሽን ተናገሪ። የአባትሽ ጥሩ ነው።»

«ያንቺስ?»

 ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው፤ እኔም መፈልፈል ጀመርኩ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እናቴን በቀጥታ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ለምን ዝም በል እንዳለችው አልጠየቅኳትም፤ እሱን ራሴ ልጅ ስወልድ ተረድቼዋለሁ። ያልገባኝ ሌላው ነው።

«እማዬ፣ ማንም አያውቅም ነበር። አባዬ ደግሞ እስኪሞት አይናገርም ነበር፤ አልተናገረምም። ለምን ነው ለሬይኖ የነገርሽው?»

አንዱን ፍሬ ፈልፍላ ሳህኑ ላይ ጣለች።

«አመሰገነኝ እኮ» አለች። «ሁለቱን እጄን ይዞ አመሰገነኝ።»